ለእሁድ ረፋድ ማዕድ ምግብ ቤት ስንመርጥ፦ ከበሩ ሳይሆን ከስልኩ እንጀምር



ባለፈው ዓመት እናቴ ከደሴ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። እሁድ ረፋድ ላይ ልጆቹን ሰብስበን፣ እሷንም ከማጀት አስወጥተን፣ ቦሌ አካባቢ ወዳለ አንድ ምግብ ቤት ወሰድናት። በሩ ላይ «ሐላል» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ገባን፣ ተቀመጥን፣ አዘዝን። ምግቡ ሳይደርስ አስተናጋጁ አጠገባችን ላለው ጠረጴዛ ቢራ ይዞ አለፈ። እናቴ ምንም አልተናገረችም። ሳህኑ ሲቀርብ ግን ዳቦ ቆርሳ በሻይ ቀመሰችና «እኔ ጠግቤአለሁ፣ ልጆቹ ይብሉ» አለች። እኛም ተነሥተን እንዳንወጣ ይሉኝታ ያዘን። ሂሳቡን ከፍለን ስንወጣ የጠገቡት ልጆቹ ብቻ ነበሩ።

ይህ በእኛ ቤት ብቻ የደረሰ አይመስለኝም። በአዲስ አበባ ቅዳሜና እሁድ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ድረስ ቁርስንና ምሳን አንድ ላይ የሚያቀርቡ ቤቶች በዝተዋል። አንዳንዶቹ «ብረንች» ይሉታል። ለሙስሊም ቤተሰብ ግን ጥያቄው የምግቡ ጣዕምና ዋጋ ብቻ አይደለም። ሥጋው ከየት መጣ? ቤቱ ምን ይሸጣል? ዙህር ሲገባ የት ይሰገዳል? እነዚህን ጥያቄዎች ልጆች ወንበር ይዘው፣ አዛውንት ጫማቸውን አውልቀው ከተቀመጡ በኋላ መጠየቅ ከባድ ነው። በዚያ ሰዓት ውሳኔውን የሚሰጠው እውቀታችን ሳይሆን ይሉኝታችን ነው። ስለዚህ ምግብ ቤት የሚመረጠው በር ላይ ሳይሆን ከቀን በፊት በስልክ ነው።

«የሙስሊም ምግብ ቤት» ሲባል ምን ማለት ነው?

በአነጋገራችን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እንጠራቸዋለን። የመጀመሪያው ባለቤቱ ሙስሊም የሆነ ቤት ነው። ሁለተኛው ሥጋው በሙስሊም እጅ የታረደ ቤት ነው። ሦስተኛው ደግሞ አልኮል የማይሸጥበት፣ ድባቡም ቤተሰብ የሚያስቀምጥ ቤት ነው። ሦስቱ ሁልጊዜ አንድ ላይ አይገኙም።

ባለቤቱ ሙስሊም ሆኖ ቤቱን አከራይቶት ሊሆን ይችላል። ሥጋው ከሙስሊም ልኳንዳ ተገዝቶ ባሩ ውስጥ ቢራና ወይን የሚሸጥበት ቤት አለ። አልኮል የሌለው ንጹሕ ካፌ ሆኖ ደግሞ የበርገሩ ሥጋ ከየት እንደመጣ አስተናጋጁ የማያውቅበትም አለ። በር ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ከሦስቱ የትኛውን እንደሚናገር ካልጠየቅን አናውቅም። ጽሑፉ ጥያቄ የምንጀምርበት ነው እንጂ መልስ አይደለም።

ስለ ሥጋው ምን እንጠይቅ?

በአገራችን የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ መለየቱ የቆየ ልማድ ነው። የአዲስ አበባ ቄራዎች ድርጅትም ለሁለቱ ወገኖች ለየብቻ እርድ ያካሂዳል። የሙስሊም ልኳንዳዎች የጨረቃ ምልክት፣ የክርስቲያኖቹ ደግሞ መስቀል አድርገው ይለያሉ። ምግብ ቤት ውስጥ ግን ሥጋው ተከትፎና ተጠብሶ ስለሚመጣ ምልክቱ አይታይም። የሚከተሉት ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ።

አንደኛ፣ «ሥጋውን ከየትኛው ልኳንዳ ነው የምትገዙት?» ሐላል የሚያቀርብ ቤት የልኳንዳውን ስምና ሰፈር ሳያመነታ ይነግራችኋል። «ሐላል ነው፣ አይዟችሁ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ጥያቄው አልተመለሰም።

ሁለተኛ፣ «ዶሮውስ?» ብዙ ሰው የበሬውንና የበጉን ጠይቆ ዶሮውን ይረሳል። ዶሮ እዚያው ግቢ ውስጥ ሊታረድ፣ ታርዶ ከገበያ ሊመጣ ወይም በረዶ የሠራ ሆኖ ከሱፐር ማርኬት ሊገዛ ይችላል። ማን እንዳረደው መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው።

ሦስተኛ፣ «የታሸገ ሥጋ ትጠቀማላችሁ?» ክለብ ሳንድዊች ውስጥ የሚገባው ሞርታዴላ፣ ፒዛ ላይ የሚደረገው ሳላሚ፣ ከእንቁላል ጋር የሚቀርበው ቋሊማ ከፋብሪካ የሚመጡ ናቸው። በተለይ የውጭ እንግዳ በሚያስተናግዱ ትልልቅ ሆቴሎች ቡፌ ላይ የአሳማ ሥጋ ከሌላው ምግብ ጎን ለጎን ሊቀርብ ይችላል። ጭልፋው ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው እንደሚዘዋወርም እናስታውስ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የመጽሐፍ ባለቤቶች ያረዱትን በተመለከተ መነሻው ሱረቱል ማኢዳ 5ኛው አንቀጽ ነው። ዑለማዎች ስለ ዝርዝሩና ስለ መስፈርቶቹ በሰፊው ተናግረዋል። በአገራችን ደግሞ ሙስሊሙ ለብዙ ዘመን የራሱን እርድ ለይቶ ኖሯል። ይህ ጽሑፍ ፈትዋ አይሰጥም። እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚያምናቸውን ዓሊም ጠይቆ ይወስን። እዚህ የምናወራው አንድ ቤተሰብ የወሰነውን ነገር ምግብ ቤት ውስጥ እንዴት ማረጋገጥ እንደሚችል ነው።

ሥጋ የሌለበት ትእዛዝም ጥያቄ አለው

«ሥጋ ካልበላን ምን ችግር አለው?» የሚል ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፤ ፉል፣ ጨጨብሳ፣ ቂንጬ፣ እንቁላል፣ በየዓይነቱ አለ። ሆኖም ጥቂት ነገሮች ያመልጡናል።

ፍርፍር ስናዝዝ ስጎው የሥጋ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ ቤት ቋንጣ ካልተባለም የሥጋ መረቅ ይገባበታል። እንቁላሉ የሚጠበሰው ሥጋ በተጠበሰበት መጥበሻ ሊሆን ይችላል፤ ለብቻው ይጠበስልን ማለት ነውር የለውም። ከኬክ ወገን ቲራሚሱና አንዳንድ የክሬም ኬኮች በሩም ወይም በሊከር ይርሳሉ። ጄሊና ሙስ የሚባሉት ደግሞ ጄላቲን ስላለባቸው ጄላቲኑ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ይፈልጋሉ። ልጆች ቶሎ የሚጠቁሙት ደግሞ እነዚህኑ ነው።

በሌላ በኩል ያለ ምክንያት የምንሸሸው ነገርም አለ። አቼቶ ከእነዚህ አንዱ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኮምጣጤን መልካም ማባያ ብለው እንዳወደሱት በሶሒህ ሙስሊም ተዘግቧል። ሰላጣ ላይ አቼቶ አለ ብሎ ማዕዱን ማወክ አያስፈልግም።

የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች የጾም ወቅትም ለምርጫችን ይጠቅመናል። በ55ቱ ቀን ዐቢይ ጾምና በነሐሴ መጀመሪያ 15 ቀን በሚጾመው ፍልሰታ፣ ቅዳሜና እሁድን ጨምሮ ብዙ የክርስቲያን ምግብ ቤቶች የእንስሳት ተዋጽኦ አያበስሉም። በእነዚህ ሳምንታት እሁድ በየዓይነቱ መብላት ቀላል ይሆናል። ከጾም ውጪ ባለ እሁድ ግን ያው ወጥ ቤት ሥጋ ሲሠራ ስለሚውል የመጥበሻውን ጥያቄ መልሰን እንጠይቃለን። የጾም ወቅት ሆኖም ሥጋ የማያቋርጡ ሆቴሎች እንዳሉ አንርሳ።

መጠጡና ድባቡ

አስካሪ መጠጥ ከሚዘዋወርበት ማዕድ ላይ መቀመጥን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መከልከላቸው በቲርሚዚ ተዘግቧል። ስለዚህ «አልኮል ትሸጣላችሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከሥጋው ጥያቄ አያንስም። አንዳንድ ቤት ጠዋት ላይ ካፌ ሆኖ ከቀትር በኋላ ባሩን ይከፍታል። «ስንት ሰዓት ላይ?» ብላችሁ ካልጠየቃችሁ 4 ሰዓት ላይ ያየነው ቤት 7 ሰዓት ላይ ሌላ ቤት ሆኖ ይጠብቀናል።

በሙስሊም ስም የሚታወቁ ቤቶችም ከጥያቄ አያመልጡም። ምድር ቤቱ ምግብ፣ ፎቁ ጫትና ሺሻ የሆነበት ቤት አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሺሻን ከልክሏል፤ ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስንም እንዲሁ። ልጅ ይዞ የመጣ ሰው ጭሱን ታግሦ የመቀመጥ ግዴታ የለበትም።

ከዚህ በተጨማሪ ቤተሰብ የሚቀመጥበት ለብቻው የተከለለ ቦታ መኖሩን፣ ሙዚቃውን ዝቅ እንዲያደርጉ መጠየቅ መቻሉን፣ ለአዛውንት ደረጃ መውጣት አለመኖሩን ማጣራት ነው። ጉልበት የሚያማት እናት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ውብ በረንዳ አይጠቅማትም።

ሶላት

አዲስ አበባ ላይ ዙህር የሚገባው እንደ ወቅቱ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ10 እስከ 6 ሰዓት ከ40 ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ ዐስር እስኪገባ ቢያንስ ወደ 3 ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ አለ። ይህን ያወቀ ቤተሰብ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው 4 ሰዓት ላይ ገብቶ ከዙህር በፊት ጨርሶ መውጣትና መስጂድ መስገድ ነው። ሁለተኛው መስገጃ ያለው ቤት መርጦ ሳይቻኮሉ መቀመጥ ነው። ችግር የሚፈጠረው 6 ሰዓት ላይ አዝዘን፣ ምግቡ 7 ሰዓት ላይ ሲደርስ፣ ልጅ ሲያለቅስ፣ መንገድ ሲዘጋጋ ሰዓቱ ሲሄድብን ነው።

መስገጃ አለን የሚል ቤት ካለ ሁለት ነገር ይጠየቅ፦ ውዱእ የሚደረግበት ውኃ አለ ወይ? ለሴቶችስ ቦታ አለ ወይ? በከተማችን ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ብዙ ስለሆነ የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል አይደለም። የሁለተኛው መልስ ብዙ ጊዜ «ለወንዶች ብቻ» ስለሚሆን እናቶችና እህቶች መኪና ውስጥ እንዳይጠብቁ ቀድሞ ማወቅ ይሻላል። ቂብላውን በተመለከተ፣ መካ ከአዲስ አበባ ቀጥታ ወደ ሰሜን ትገኛለች ማለት ይቻላል፤ ወደ ምሥራቅ የምታዘነብለው 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። የእንጦጦ ተራራ ከሚታይበት የከተማው መሐልና ደቡብ ያለ ሰው አቅጣጫው ቢጠፋው ተራራው ይመራዋል።

የትኛው ሰፈር፣ ምን ለመብላት?

መርካቶና ታላቁ አንዋር መስጂድ ዙሪያ የቆዩ የሙስሊም ምግብ ቤቶች ይገኛሉ። የጠዋት ፉል ከሽንኩርት፣ ከቲማቲም፣ ከቃሪያና ከእንቁላል ጋር፣ ሳምቡሳና ሻይ የሚፈልግ ቤተሰብ እዚያ አይከፋም። እሁድ ግርግሩ ከሥራ ቀናት ጋብ ይላል፤ መስጂዱም ቅርብ ነው። ወንበሩ ግን ጠባብ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሆኖ ለሚመጣ ቤተሰብ አስቀድሞ መደወል ያስፈልጋል።

ቦሌ ሚካኤል አካባቢ የሶማሌ ምግብ ቤቶች አሉ። ጠዋት አንጄሮ ከጉበት ወይም ከሱቃር ጋር፣ በወተት የተፈላ ሻይ፣ ወደ ቀትር ደግሞ ሩዝና የፍየል ሥጋ ይቀርባል። ሰሃኑ ሰፊ ስለሆነ ቤተሰብ ከአንድ ማዕድ መብላት ይችላል። የየመን ምግብ የሚያቀርቡት ዘንድ መንዲና ሸክሹካ፣ የሐረር ምግብ የሚያቀርቡት ዘንድ ደግሞ በእንቁላል የምትሠራዋ ፈቲራ ከማር ጋር ትገኛለች። ሚጥሚጣ የማይችሉ ትንንሽ ልጆች በእነዚህ ምግቦች ብዙ አይቸገሩም።

ኮልፌ፣ 18 ማዞሪያ፣ አየር ጤናና ቤቴል ለሚኖር ቤተሰብ ደግሞ ከተማውን አቋርጦ ቦሌ ከመሄድ የሰፈሩን ቤት መጠየቅ ይቀላል። ሙስሊም በብዛት በሚኖርባቸው በእነዚህ ሰፈሮች መስጂድም ሩቅ አይደለም።

ጥቆማ ስትቀበሉ ጥቆማው የመቼ እንደሆነ ጠይቁ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና አካባቢው በተጀመረው የኮሪደር ልማት ምክንያት በርካታ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነጋዴዎችም ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ስሙ ያው ሆኖ ባለቤቱም ወጥ ቤቱም የተለወጠ ቤት ሊያጋጥም ይችላል።

ክርስቲያን እንግዳ ሲኖረን

ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ አንዳንዴም የሥጋ ዘመድ ክርስቲያን ይሆንና አብረን እንወጣለን። እኛ የእነሱን እርድ እንደምንተው ሁሉ ከእነሱም ብዙዎቹ የሙስሊም ሥጋ አይበሉም። ይህን ረስቶ «ምርጥ መንዲ አለ» ብሎ የጋበዘ ሰው እንግዳውን እናቴ በዚያች እሁድ በነበረችበት ቦታ ያስቀምጠዋል፤ ዳቦና ሻይ ይዞ «ጠግቤአለሁ» ያሰኘዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ዓሣ እርድ አይፈልግም። ፉል፣ ሸክሹካ፣ ጨጨብሳ፣ በየዓይነቱም ሁሉም ይበላቸዋል። እንግዳው የጾም ቀን ላይ ከሆነ ደግሞ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ምግብ መኖሩን አብሮ መጠየቅ ነው። ለእንግዳ ማሰብ ከአደባችን ነው።

ሂሳቡ እንዳያስደነግጥ

ብዙ ምግብ ቤቶች ሜኑ ላይ የሚጽፉት ዋጋ የተጨማሪ እሴት ታክስን አያካትትም። ታክሱ 15 በመቶ ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ። በሜኑው መሠረት 2,000 ብር የደረሰ ትእዛዝ በአገልግሎቱ 2,200፣ በታክሱ ደግሞ 2,530 ብር ይሆናል። ቡፌ ከሆነ ለልጆች ግማሽ ዋጋ መኖሩን፣ ከስንት ዓመት በታች በነጻ እንደሆነም ይጠየቅ።

ማባከንንም እንጠንቀቅ። አላህ (ሱ.ወ) ብሉ ጠጡ ብሎ ማባከንን ከልክሏል። አስቀድሞ ለሁለት ሰው የሚበቃውን ማዘዝ፣ ካልበቃ መድገም፣ የተረፈውን «ጠቅልሉልን» ማለት ይቻላል። ንጹሕ ሆኖ የተጠቀለለ ምግብ በር ላይ ላለ የተቸገረ ሰው ሶደቃ ይሆናል።

ስልኩ ላይ ምን እንበል?

ወጥ ቤቱ በማይጨናነቅበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ደውሉ። እንዲህ ማለት ይበቃል፦

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ እህቴ። ነገ ረፋድ ላይ አዛውንትና ልጆች ይዘን ሰባት ሆነን ልንመጣ ነው። ሥጋና ዶሮ የምትገዙት ከየት ነው? አልኮል ትሸጣላችሁ? ለቤተሰብ የሚሆን ቦታ፣ መስገጃና የውዱእ ውኃስ አላችሁ? ሜኑው ታክስ ይጨምራል?»

ጥሪው ከ3 ደቂቃ አያልፍም። የሚመልሰው ሰው ክርስቲያን ቢሆንም በትሕትና የተጠየቀ ጥያቄ አይከብደውም። «አላውቅም፣ ኃላፊውን ላገናኝዎት» የሚል ቤት «ሁሉም ሐላል ነው» ብሎ ስልኩን ከሚዘጋ ቤት የበለጠ ሊታመን ይችላል። መልሱ ካላረካችሁ አመስግናችሁ ሌላ ቤት ደውሉ። ወንበር ላይ ያልተቀመጠ ሰው ይሉኝታ አይዘውም።

ጥያቄውም ልክ አለው

ይህን ሁሉ ስንል ማዕዱን ወደ ምርመራ እንለውጠው ማለታችን አይደለም። አኢሻ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ፣ ሰዎች ሥጋ እንደሚያመጡላቸውና ሲያርዱ የአላህን ስም ማውሳት አለማውሳታቸውን እንደማያውቁ ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነገሯቸው። እሳቸውም የአላህን ስም ጠርተው እንዲበሉ ነገሯቸው። ሙስሊም ወንድማችን ሥጋው ከየትኛው ልኳንዳ እንደመጣ ከነገረን በኋላ ቢላውን ማን እንደያዘ መከታተል ወስዋስ ነው። አጠራጣሪ ነገርን መተው ሃይማኖትንና ክብርን እንደሚጠብቅ የተነገረውም እውነተኛ ጥርጣሬ ሲኖር ነው። ተጠይቆ የተመለሰ ነገር ከጥርጣሬ ወጥቷል።

ልጆቻችንም ከማዕዱ ይማራሉ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገና ልጅ የነበሩትን ዑመር ኢብን አቢ ሰለማን ቢስሚላህ እንዲሉ፣ በቀኝ እጃቸው እንዲበሉና ከፊታቸው ካለው እንዲያነሱ ያስተማሯቸው ማዕድ ላይ ነው። አባት ስልክ አንሥቶ «ሥጋው ከየት ነው?» ብሎ በትሕትና ሲጠይቅ የሰማ ልጅም ትልቅ ሲሆን በራሱ ይጠይቃል።

እናቴ ወደ ደሴ ከመመለሷ በፊት አንድ እሁድ ቀርቶን ነበር። ቅዳሜ ደወልን፤ ሁለት ቤት ትተን ሦስተኛውን መረጥን። ቦታው እንደመጀመሪያው ያማረ አልነበረም፤ ወንበሩም የላስቲክ ነበር። ልኳንዳው ማን እንደሆነ ነግረናት ፉሉና ጉበቱ ቀረበ። ቢስሚላህ ብላ እጇን ሰደደች። ስትጨርስም ከልጆቹ ሳህን ላይ የተረፈውን «ይሄማ አይጣልም» ብላ አነሳች።

አላህ ማዕዳችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።